49 ዲቫይደር፦ አንድ ርካሽ ዕቃ ከፋብሪካ እስከ ጎረቤት

ነገሩን የደረሰበት ቆራሌው ነው።

የካቲት 2017 ላይ፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሰፈራችን ባለሱቅ የተቃጠሉ ዲቫይደሮችን በማዳበሪያ ከረጢት አድርገው ለቆራሌው ሊሸጡ አወጡ። ልጁ ከኪሱ ትንሽ ቢላ አወጣና አንዱን ገመድ ላጠው። ውስጡ ያለውን ቀይ ክር በቢላው ጫፍ ፋቅ ፋቅ አደረገው። ቀዩ ለቀቀና ከሥሩ ነጭ ወጣ።

«እማማ፣ ይሄ መዳብ አይደለም። አሉሚኒየም ነው። በመዳብ ሂሳብ አልወስደውም» አላቸው።

እኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ። ባለሱቋ ጎረቤቴ ናቸው፣ እትዬ ነው የምላቸው። ከረጢቱን ይዘው በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ከዚያ በኋላ አራት ወር ያህል አብረን ተንከራተትን። ከሱቁ ጀምረን ወደ ኋላ፣ ዕቃው በመጣበት መንገድ እስከ አስመጪው ድረስ ሄድን። የማንንም ስም አልጠራም። የሆነውን ግን እንዳለ አስቀምጣለሁ፤ ምክንያቱም «የቻይና ዕቃ እኮ ነው» ብለን የምንተወው ነገር ውስጥ ምን እንዳለ በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው።

ዳራ

ሱቁ አዲስ አበባ ውስጥ ባለ አንድ የኮንዶሚኒየም መንደር ነው። አምፖል፣ ቻርጀር፣ ባትሪ፣ የፕላስቲክ ዕቃ፣ የቤት ውስጥ ጥቃቅን ነገር ሁሉ ይሸጥበታል። ዕቃው የሚነሳው ከመርካቶ ነው። ደረሰኝ አንዳንዴ ይሰጣል፣ አንዳንዴ አይሰጥም።

ጊዜውን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። ከዚያ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። እስከ ጥር 2017 ድረስ ከ120 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው አሻቀበ።

ይህ ዲቫይደር ግን ብዙም አልጨመረም። እትዬ በ2016 አንዱን በ340 ብር ያነሱት ነበር። ጥር 2017 ላይ 380 ብር ተባሉ። ካርቶኑ ያው፣ ማሸጊያው ያው፣ ስሙ ያው ነው። ጎን ለጎን ይሸጡት የነበረው ሌላ ዲቫይደር ከ600 ወደ 1,150 ብር ወጥቶ ነበር። እትዬ ደስ አላቸው። ደንበኛቸው አቅም የሌለው ሰው ነው፤ ቢያንስ አንድ ያልናረ ነገር ተገኘ ብለው 5 ካርቶን፣ 60 ዲቫይደር አነሱ። በ480 ብር ይሸጡት ጀመር።

አሁን ሳስበው ሁሉም ነገር የተጻፈው እዚያ ዋጋ ላይ ነበር። ዶላር ከእጥፍ በላይ ሲጨምር፣ የመዳብ ዋጋ በዓለም ገበያ ሳይወርድ፣ አንድ ዕቃ በ40 ብር ጭማሪ ብቻ ከመጣ ልዩነቱን የከፈለ አካል መኖር አለበት። የከፈለው ሽቦው ነው።

ችግሩ

ዕቃውን መጀመሪያ የመለሰችው ሦስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር እናት ናት። ምጣድ ሰክታ እንጀራ እየጋገረች ሳለ ልጇ ከሳሎን «እማዬ፣ የሆነ ነገር ይሸታል» አላት። ስትሄድ ዲቫይደሩ ቀልጦ ምንጣፉ ላይ ተጣብቋል። ግድግዳው ጠቁሯል። ነቀለችው። ማንም አልተጎዳም፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

እትዬ መጀመሪያ ጥፋቱን በእሷ ላይ ነው ያዩት። «ምጣድ በዲቫይደር ይሰካል እንዴ?» አሏት። እውነት አላቸው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500 ዋት ይሆናል። በ220 ቮልት ሲካፈል 16 አምፒር ገደማ ነው። ለዚህ ከብሬከር የተነሳ የራሱ መስመር ነው የሚያስፈልገው።

ግን ዲቫይደሩ ጀርባ ላይ «16 አምፒር» ተብሎ ተጽፏል። ሴትየዋ ይህን ማንበብ ባትችልም የተጻፈው ግን ተጽፏል።

ከዚያ ሌሎች መጡ። አንዱ ውሃ ማፍያ ብቻ ነው የሰካበት። አንዷ ካውያ። አንድ ተማሪ ደግሞ ላፕቶፕና ትንሽ ስቶቭ። በአንድ ወር ውስጥ 9 ዲቫይደር ተመለሰ። እትዬ ለእያንዳንዱ ገንዘብ እየመለሱ የተቃጠለውን ከረጢት ውስጥ ያጠራቅሙ ነበር።

ውስጡ ምን ነበር?

ካልተሸጡት አንዱን ወሰድኩና ቤቴ ጠረጴዛ ላይ ፈታሁት። ጎኑ ላይ ያው መደብ ያለውን፣ 1,150 ብር የሚሸጠውን ሌላውን አስቀምጬ አንድ በአንድ አወዳደርኩ።

ገመዱ ላይ «3 × 1.0 ሚሊሜትር ካሬ» የሚል ጽሑፍ ታትሟል። ሦስት ሽቦ፣ እያንዳንዱ 1.0 ማለት ነው። ስከፍተው የነበረው ሁለት ሽቦ ነው። ሦስተኛው፣ ኧርዝ የሚሆነው፣ የለም። ሶኬቱ ላይ ግን የኧርዝ ብረቶቹ ተገጥመዋል። ከምንም ጋር አልተያያዙም። ለዓይን ብቻ ነው የተቀመጡት። ይህን ሳይ ነው በጣም የተናደድኩት። ሽቦ ማቅጠን ገንዘብ መቆጠብ ነው፣ ኧርዝ ያለ ማስመሰል ግን ሰው ሊተማመንበት የሚችለውን ነገር ባዶ አድርጎ መስጠት ነው። የፍሪጅ ወይም የልብስ ማጠቢያ አካል ኤሌክትሪክ ቢይዝ የሚያድነው ያ ሽቦ ነበር።

በአንዱ ሽቦ ውስጥ ያሉትን ክሮች ቆጠርኩ። 16 ናቸው። በካሊፐር ስለካቸው 0.15 ሚሊሜትር። ሲደመር 0.28 ሚሊሜትር ካሬ ገደማ ይመጣል። ከተጻፈው አንድ ሦስተኛ እንኳ አይሞላም። በዚያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፈው የመዳብን 60 ከመቶ ያህል ነው። ሁለቱን ስናስብ፣ እኩል ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ይህ ገመድ ላዩ ላይ ከተጻፈው የመዳብ ገመድ ከ5 እጥፍ በላይ ሙቀት ያመነጫል። ውሃ ማፍያ ለምን እንዳቀለጠው ገባኝ።

ከዚያ ማግኔት አመጣሁ። ውድ በተባለው ዲቫይደር ውስጥ ስፒናውን የሚይዙት ብረቶች ነሐስ ናቸው፣ ማግኔት አይዛቸውም። በርካሹ ውስጥ ያሉት ቢጫ ቀለም የተቀባ ብረት ናቸው። ማግኔቱ ቸክ ብሎ ያዛቸው። እንዲህ ያለ ብረት ቶሎ ይላላል፣ ይዝጋል። ስፒናው ሲላላ ደግሞ ይፈነጥቃል።

መጨረሻ ላይ ሽፋኑን ሰብሬ ደጅ ወጥቼ በክብሪት ለኮስኩት። ውዱ ክብሪቱን ሳነሳ ወዲያው ጠፋ። ርካሹ ግን እየተንጠባጠበ መንደዱን ቀጠለ።

ከሱቅ ወደ ኋላ

በመጀመሪያ ያደረግነው መሸጥ ማቆም ነው። እስከዚያ ቀን 49 ተሽጧል፣ 11 ቀርቷል። እትዬ ወዲያው 11ዱን ከመደርደሪያ አወረዱ።

ከዚያ መርካቶ ሄድን። አከፋፋዩ ወጣት ነው፣ እትዬን ያከብራቸዋል። «እናቴ፣ እኔ ካርቶኑን ከፍቼ አላየሁትም። እንደመጣልኝ ነው የምሰጠው» አለ። የተላጠውን ገመድ ሳሳየው ዝም አለ። ያልተሸጡትን 11 ሊቀበለን ተስማማ። የተመለሱትን ግን «አስመጪውን ጠይቁ» አለን። የአስመጪውን ስልክ ለማግኘት ሁለት ጊዜ መመላለስ ነበረብን።

አስመጪው መጀመሪያ ቀን ያለን ሁላችንም የለመድነውን ነው። «የቻይና ዕቃ እኮ ነው። በዚህ ዋጋ ምን ትጠብቃላችሁ?» ተመለስን።

በሁለተኛው ጉዞ የልኬቱን ወረቀትና የተፈታውን ዲቫይደር ይዤ ሄድኩ። እትዬ ደግሞ የተቃጠለውን ምንጣፍ ቁራጭ በፌስታል ይዘዋል። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡለት። «ልጄ፣ እርስዎም ቤት ልጅ አለ» አሉት። ሰውየው ለተወሰነ ጊዜ ምንጣፉን እያየ ቆየ። ከዚያ ስልኩን አወጣና ቻይና፣ ይዉ ከተማ ካለው ግዢ ወኪሉ ጋር የተጻጻፈውን አሳየን። ራሱን ለመከላከል ነው ያሳየን፤ ግን ለእኔ ሁሉን ያስረዳኝ ያ ነው።

ወኪሉ ለአንድ ዓይነት ዲቫይደር ሦስት ዋጋ ልኮለታል። አንደኛው ሙሉ መዳብ፣ 1.0፣ ባለ ሦስት ሽቦ። ሁለተኛው መዳብ፣ 0.75። ሦስተኛው «ለዋጋ ገበያ» የሚል ብቻ ነው፤ ዋጋ ብቻ ለሚያይ ገበያ ማለት ነው። ፎቶው ለሦስቱም አንድ ነው። ሳጥኑም አንድ ነው። በ2016 ያስመጣው ሁለተኛውን ነበር። ዶላር ሲጨምር «መልኩ እንዳይቀየር፣ ዋጋው ይውረድ» ብሎ ጻፈ። ሦስተኛው መጣለት።

«ሁለተኛውን ባመጣው 750 ብር ይሆናል። ማን ያነሳልኛል? መርካቶ ዋጋ እንጂ ሽቦ አይጠይቅም» አለን።

ይህን ሲል አልዋሸም። ሽቦ የጠየቀው የለም። አከፋፋዩ አልጠየቀም፤ እትዬም አልጠየቁም። እኔ ራሴ ከዚያ ሱቅ ብዙ ጊዜ ዕቃ ገዝቻለሁ፣ ባለሙያ ሆኜ ጠይቄ አላውቅም።

ታዲያ ተጠያቂው ማነው?

እኛ አገር ወሬው «ቻይናዎች ጣሉብን» ላይ ይቆማል። ያ ስልክ ላይ ያየሁት ግን ሌላ ነገር ነው። አንድ ፋብሪካ ሦስት ደረጃ ያመርታል። ጥሩ ያዘዘ ጥሩ ይወስዳል። በእጃችን የያዝናቸው ብዙ ጥሩ ነገሮች እዚያው አገር የተሠሩ ናቸው። ጥራቱ የሚወሰነው ትዕዛዙ በሚጻፍበት ሰዓት ነው። ስለዚህ በእኔ ፍርድ የመጀመሪያው ተጠያቂ ትዕዛዙን የጻፈው ነው፤ እሱ ሦስቱንም አይቷል፣ አውቆ መርጧል።

ፋብሪካው ነፃ ነው ማለቴ አይደለም። 0.28 የሆነ ሽቦ ላይ «1.0» ብሎ ያተመው እሱ ነው። ደካማ ዕቃ በእውነተኛ ስሙ ቢሸጥ ገዢው ያውቃል፣ ለአምፖልና ለስልክ ቻርጀር ብቻ ይጠቀምበታል። ሰው ቤት እሳት የገባው በውሸቱ ጽሑፍ ምክንያት ነው።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ጉዳይ በዓለም ላይ በሰፊው ታይቷል። በ2007 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው የአሻንጉሊት ኩባንያ ማቴል ቻይና የተሠሩ ወደ 20 ሚሊዮን የሚጠጉ አሻንጉሊቶችን ከገበያ ሰበሰበ። ሁሉም ሰው የቻይና ፋብሪካዎችን ወቀሰ። የተወሰኑት ላይ እውነትም እርሳስ ያለው ቀለም ተገኝቷል፣ ያ የፋብሪካዎቹ ጥፋት ነው። ግን ከተሰበሰቡት ውስጥ ከ17 ሚሊዮን በላይ የሚሆኑት ችግራቸው ሕፃን ሊውጠው የሚችል ማግኔት ነበር። ያ ደግሞ የንድፍ ስህተት ነው፣ ንድፉን ያወጣው ራሱ ማቴል ነው። መስከረም 2007 እ.ኤ.አ. ከኩባንያው ከፍተኛ ኃላፊዎች አንዱ ቤጂንግ ሄዶ ይቅርታ ጠየቀ። ማን አዘዘ፣ ማን አመረተ የሚለውን ለይቶ ማየት ለፍርድ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ይህ ያሳያል።

ሕጋችንስ ምን ይላል? የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት ለመሆኑ ዋስ ነው ይላል። ቁጥር 2085 ደግሞ ዕቃ አምርቶ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። በ2006 የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ለደረሰበት ጉዳት ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጠዋል።

ችግሩ አምራቹ ባሕር ማዶ መሆኑ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ያለች እናት ይዉ ሄዳ ልትከስ አትችልም። አውሮፓውያን በ1985 እ.ኤ.አ. ባወጡት መመሪያ ይህን አስበውበታል። ዕቃውን ወደ አውሮፓ ማኅበረሰብ አገሮች ያስገባውን ሰው ልክ እንደ አምራቹ ይቆጥሩታል። አስመጪው «እኔ አልሠራሁትም» ማለት አይችልም። እኛም ጋ በግልጽ እንዲህ ቢባል እመኛለሁ።

የተሳካውና ያልተሳካው

ማስታወቂያው ሠርቷል። እትዬ ሱቁ በር ላይ በትልቁ ለጠፉ፦ «ከጥር ወዲህ ከዚህ ሱቅ ይህን ዲቫይደር የገዛችሁ መልሱ። ያለ ደረሰኝ ገንዘባችሁን እንመልሳለን።» ዲቫይደሩን በፎቶ አንስተን በብሎኮቹ የቴሌግራም ግሩፕ ላክን። በእድርም ተነገረ። ብዙ ነጋዴ ይህን የሚፈራው ስሜ ይጠፋል ብሎ ነው። የሆነው ተቃራኒው ነው። «እሳቸው ጋ ግዙ፣ ከተበላሸ ራሳቸው ይጠሯችኋል» እየተባለ ሱቁ ገበያ አገኘ። በማስታወቂያው 17 ዲቫይደር ተመለሰ። ከቀድሞዎቹ 9 ጋር 26 ሆነ። እትዬ በጠቅላላው 12,480 ብር ከኪሳቸው መለሱ።

አስመጪው በሦስተኛው ጉዞ ለ26ቱ ምትክ ሰጠን፤ ሁለተኛውን ደረጃ፣ ከነበረው ትንሽ ክምችት ላይ። ጥሩ አድርጓል። ምትኩንም ፈትቼ አይቼዋለሁ፤ መዳብ ነው፣ ሦስት ሽቦ አለው፣ ልኬቱም ከተጻፈው ጋር ይገጥማል።

አቤቱታው አልተሳካም። ለሚመለከተው የንግድ ጽሕፈት ቤት አመለከትን። የመጀመሪያው ጥያቄ «ደረሰኝ?» ነበር። ለዚያ ግዢ ደረሰኝ የለንም። እትዬ ያን ቀን ያለ ደረሰኝ ያነሱት በካርቶን ትንሽ ስለቀነሰላቸው ነው። ያቺ ትንሽ ቅናሽ መብታቸውን ሁሉ ወሰደችው። አስመጪው በፈቃዱ ባይተካልን ኖሮ በሕግ የምንይዘው ነገር አልነበረንም።

በገበያ ላይ ያለውንም ማስቆም አልቻልንም። ግንቦት ላይ ያንኑ ዲቫይደር፣ ያንኑ ሳጥን፣ አስፋልት ዳር ሸራ ላይ ተዘርግቶ አየሁት። አስመጪው ለእኛ ተካልን እንጂ ቀሪውን አልሰበሰበም።

ሌላ ሱቅ ቢያጋጥመው

ከዚህ ጉዳይ ለሌላ ነጋዴ የሚሆነው ትልቁ ነገር አጠያየቁ ነው። «ከዚህ የሚወርድ የለም?» የሚለው ጥያቄ ከቸርቻሪ ወደ አከፋፋይ፣ ከአከፋፋይ ወደ አስመጪ፣ ከአስመጪ ወደ ወኪል ሲተላለፍ መጨረሻው ሽቦ መቅጠን ነው። እትዬ አሁን ዕቃ ሲያነሱ የሚጠይቁት ሌላ ነው፦ ሽቦው መዳብ ነው? ስንት ነው? ኧርዝ አለው? መልሱን ደረሰኙ ላይ ያስጽፉታል። አከፋፋዩ መጀመሪያ ተገርሞ ነበር። አሁን እሱም አስመጪውን ይጠይቃል።

ሁለተኛው ከየካርቶኑ አንዱን መፍታት ነው። ከ12 አንድ ቢበላሽ 380 ብር ነው። ጥር ላይ ይህን አድርገን ቢሆን ኖሮ ያ ምንጣፍ አይቃጠልም ነበር። ለማስመጣት ያሰበ ሰው ደግሞ ትዕዛዙ ላይ የሽቦውን ዓይነት፣ ውፍረትና ብዛት ይጻፍ። ናሙናውን ከሁለቱ ወገን ፊርማ ጋር አሽጎ ያስቀምጥ። ጥርጣሬ ካለው የኢትዮጵያ የተስማሚነት ምዘና ድርጅት የፍተሻ አገልግሎት ይሰጣል።

ለገዢ የምለው አጭር ነው። ማግኔት ያዙ፤ የስፒና መያዣው ላይ ከተጣበቀ ተዉት። በእጃችሁ መዝኑት፤ መዳብ ከአሉሚኒየም ከሦስት እጥፍ በላይ ይከብዳል፣ ልዩነቱ በእጅ ይታወቃል። ምጣድን በምንም ዲቫይደር አትሰኩ፣ በጥሩውም ቢሆን። ሌላው ሁሉ ዋጋው ንሮ አንዱ ብቻ ባለበት ከቆመ ደግሞ ምክንያቱን ጠይቁ።

ከ49ኙ 26 ተመልሷል። 23 ዲቫይደር አሁንም ሰው ቤት አለ። የተወሰኑት ተከራዮች ሰፈር ቀይረዋል፣ የት እንደገቡ አናውቅም። እትዬ እስከ ዛሬ፣ ሻማ ሊገዛ የገባውንም ሰው ሳይቀር፣ መልሱን ከመስጠታቸው በፊት ይጠይቃሉ፦ «ጥር ላይ ከኔ ዲቫይደር ወስደህ ነበር እንዴ፣ ልጄ?» ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው «አዎ፣ አልጋዬ ሥር ነው ያለው» አላቸው። ሱቁን ለልጃቸው ትተው አብረውት ቤቱ ድረስ ሄዱ። አሁን የቀረው 22 ነው።